ድንጋዩን ገልብጡት

የወንዝን ጤና በውስጡ ከሚኖሩ ትንንሽ እንስሳት ስለማወቅ ለትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ መምህራን ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አደራችሁ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነጭ ትሪዎች ታያላችሁ። የቡና ትሪዎች ናቸው። ዛሬ ሌሊት ከቤት ይዣቸው ስወጣ ባለቤቴ ተኝታ ነበር፤ አደራ እንዳትነግሩብኝ።

በአንደኛው ትሪ ያለው ውሃ ዛሬ ማለዳ ከእንጦጦ ግርጌ፣ የቀበና ወንዝ ገና ከዛፎቹ መሃል ሳይወጣ የቀዳሁት ነው። የሁለተኛውም ውሃ ከዚያው ወንዝ ነው፤ ግን መሃል ከተማውን ካቋረጠ በኋላ። ሲወርድ ሲዋረድ የምንለው አነጋገር ለትውልድ የተባለ ነበር። ለአዲስ አበባ ወንዞች ግን ቃል በቃል ይሠራል።

አንደኛውን ትሪ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጠፍጠፍ ያለች፣ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላት ፍጥረት አለች። ከሆዷ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቅጠል የሚመስሉ ነገሮች ይርገበገባሉ። እነዚያ መተንፈሻዎቿ ናቸው፤ እንደ ዓሣ ስንጥብ አስቧቸው። በአማርኛ የታወቀ ስም የላትም፤ ሜይፍላይ ነው የምንላት። ቀስ ብለው እንደሚርገበገቡ ልብ በሉ። በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው ትሪ ውስጥ ያሉት ደግሞ ቀይ ክር የመሰሉ ትሎች ናቸው። ይጠማዘዛሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ደህና ናቸው። እንዲያውም በጣም ደህና ናቸው። ችግሩም እሱ ነው።

ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ሥራዬ የውሃ ናሙና እየቀዱ ላቦራቶሪ ማድረስ ነበር። ስሙን የማልጠራው ወንዝ ዳር፣ ስሙን የማልጠራው ፋብሪካ አጠገብ፣ በየወሩ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠርሙሴን ይዤ እደርሳለሁ። ውጤቱ ሁልጊዜ "ያን ያህል አይከፋም" ነበር። ሪፖርት ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ፋይል ይገባል። አንድ ቀን እዚያው ወንዝ ዳር ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙ እናት ጠርሙሴን አይተው ሳቁብኝ። "ልጄ፣ አንተ የምትመጣው ጠዋት ነው፤ እነሱ የሚለቁት ሌሊት ነው" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጠርሙሴን እንደ ድሮው አላምነውም። ኬሚስትሪ ውሸታም ሆኖ አይደለም። እዚህ ያላችሁ የኬሚስትሪ መምህራን እንዳትቀየሙኝ። ጠርሙሱ የሚነግራችሁ ግን በቀዳችሁበት ደቂቃ ያለፈውን ውሃ ብቻ ነው። የሌሊቱ ውሃ አልፎ ሄዷል። ንጋት ላይ አዋሽን ፍለጋ ርቋል።

ሜይፍላይዋ ግን የትም አልሄደችም። እንቁላሏ ከተፈለፈለ ጀምሮ ለሳምንታት፣ አንዳንዷም ለወራት፣ እዚያው ድንጋይ ስር ነበረች። ሌሊት የተለቀቀው ሁሉ በላይዋ ላይ ነው የሚያልፈው። ከቻለችው ትኖራለች፤ ካልቻለችው ትሞታለች፣ ወይም ጎርፉ ይዟት ይሄዳል። በማግስቱ ሄደን ድንጋዩን ስንገለብጥና ስናጣት፣ ማንም ያልፈረመበት ሪፖርት አገኘን ማለት ነው።

አሁን ለምን አንዷ ትሞታለች፣ ሌላው ደግሞ ይደላዋል? ዋናው ነገር ኦክስጅን ነው። ሰገራ፣ የቄራ ደም፣ የምግብ ትራፊ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል። እሱን እየበሉ ይባዛሉ፤ ሲባዙ ደግሞ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። የእኛ ሀገር ደጋ ወንዞች በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለባቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወንዞቻችን ሲነሱም ኪሳቸው ቀጭን ነው። ትንሽ ብክለት ቶሎ ያራቁታቸዋል።

ሜይፍላይ ብዙ ኦክስጅን ትፈልጋለች። ቀዩ ትል ደግሞ የማይናከስ የትንኝ ዓይነት እጭ ነው። ቀይ የሆነው ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ አዎ፣ እኛ ደም ውስጥ ያለው ዓይነት። ሌላው አየር አጥሮት ሲያልቅ እሱ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ለቃቅሞ ይኖራል። ከእሱም የባሰ አለ። ረጅም ጭራ ያለው ነጣ ያለ ትል ፍሳሽ ውስጥ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጭራ የሚመስለው ነገር የመተንፈሻ ቱቦው ነው። ወደ ላይ ዘርግቶ ከአየር ይስባል። ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አይደለም። እሱን ብቻውን ሲንፈላሰስ ካገኛችሁት፣ ለዚያ ወንዝ መርዶ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ኮልክቪትስ እና ማክሲሚሊያን ማርሶን የተባሉ ጀርመኖች እ.አ.አ. በ1908 እና በ1909 የትኛው ዕፅዋትና የትኛው እንስሳ በምን ያህል ቆሻሻ ውሃ ውስጥ እንደሚኖር ዝርዝር አውጥተዋል። ከዚያ ወዲህ በየሀገሩ ተሻሽሏል፣ ተጨቃጭቀውበታል፣ ነጥብ ተሰጥቶታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.አ.አ. በ2000 ባወጣው የውሃ ሕግ ወንዝን በአምስት ደረጃ ይመድባል። ደረጃውን ለመወሰን ኬሚካሉ ብቻ አይበቃም። አልጌው፣ የውሃ ውስጥ ተክሉ፣ ዓሣውና እኛ አሁን ትሪ ላይ የምናያቸው ትንንሽ አከርካሪ አልባ እንስሳት ይታያሉ።

አንዳንዴ ደግሞ አደጋ ነው የሚያስተምረው። ኖቬምበር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ ብዙ ቶን ፀረ ተባይ ይዞ ራይን ወንዝ ገባ። ወንዙ ቀላ። ኢል የሚባሉት እባብ መሰል ዓሦች ወደ 150,000 ገደማ አለቁ። ከዚያ ወዲህ በራይን ዳር ያሉ የመቆጣጠሪያ ጣቢያዎች የወንዙን ውሃ የውሃ ቁንጫ የሚባል ደቃቅ እንስሳ በሚኖርበት መያዣ ውስጥ ያሳልፉ ጀመር። ቁንጫዎቹ አዋዋኛቸው ሲለወጥ መሣሪያው ያስጠነቅቃል። ዋርሶ ደግሞ የከተማው የመጠጥ ውሃ ዘብ ስምንት ባለ ዛጎል እንስሳት ናቸው። ዛጎላቸው ላይ መቆጣጠሪያ ተለጥፏል፤ ውሃው ካልጣማቸው ይዘጉታል። እነሱ ሲዘጉ ውሃውም ይዘጋል። ደመወዝ የማይጠይቅ ጥበቃ የት ይገኛል?

እኛ ግን ወደ ቡና ትሪያችን እንመለስ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ አያሸማቅቅም። ቦት ጫማ፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ መረብ፣ ነጭ ትሪ፣ ወረንጦ፣ ማጉሊያ መነጽር። መረቡን ጥሩ ወንፊት ጨርቅ ገዝታችሁ ራሳችሁ ትሰፉታላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃው ፈጠን ብሎ ድንጋይ ላይ የሚንኳኳበት ቦታ ትመርጣላችሁ። ፊታችሁን ውሃው ወደሚወርድበት አዙራችሁ መረቡን ከፊታችሁ ትተክላላችሁ። ከዚያ በእግራችሁ ወለሉን እየረገጣችሁ ታነቃንቃላችሁ። እንደ ጭቃ ማቡካት አድርጋችሁ አስቡት። ድንጋይ ላይ የተጣበቀው ሁሉ ይነሳና ውሃው መረባችሁ ውስጥ ያስገባላችኋል። ትልልቁን ድንጋይ ደግሞ በእጅ አንስታችሁ ገልብጡት፣ እሹት። መረቡን ትሪ ላይ ትደፉና ዝም ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። መጀመሪያ ቅጠልና አሸዋ ብቻ ነው የሚታያችሁ። "ባዶ ነው" ብላችሁ ልትደፉት ስትሉ አሸዋው መራመድ ይጀምራል። ካዲስፍላይ ናት። አሸዋና ስንጥር በራሷ ሐር እየሰፋች ቤት ሠርታ፣ ቤቷን ለብሳ ትሄዳለች። ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት የሚያሰማው ድምፅ ለእኔ ከደመወዜ ይበልጥብኛል። ደመወዜ ስንት እንደሆነ ካወቃችሁ ግን ያን ያህል አትደነቁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ፣ እንዲሁም ፋብሪካና መጸዳጃ በሚለቅበት ወንዝ ልጆች ውሃ ውስጥ አይግቡ። እናንተ ጓንትና ቦት አድርጋችሁ ቅዱ፤ እነሱ ትሪው ዙሪያ ይሁኑ።

ነጥቡ እንዴት ይሰጣል? ቀላሉ የደቡብ አፍሪካው ሚኒሳስ ነው። ለተማሪና ለተራ ሰው ታስቦ የተሠራ ስለሆነ እንስሳቱን በ13 ምድብ ብቻ ይከፍላቸዋል። እያንዳንዱ ምድብ ነጥብ አለው፤ ለብክለት በጣም የምትጨነቀው ስቶንፍላይ የምትባለው ነፍሳት 17፣ ምንም የማይመስለው ትል 2። ያገኛችኋቸውን ምድቦች ነጥብ ደምራችሁ ለምድቦቹ ቁጥር ታካፍላላችሁ። ስንት እንዳገኛችሁ አይቆጠርም፤ ማን ማን እንዳለ ነው።

በትሪዎቻችን እንሞክረው። ከላይኛው ትሪ ጠዋት የለየሁት፦ ትንሿ ዋናተኛ ሜይፍላይ 5፣ ሌላዋ ጠፍጣፋ ሜይፍላይ 11፣ ካዲስፍላይ 9፣ ሸርጣን 6። ድምሩ 31፣ ለአራት ሲካፈል 7.75። ከታችኛው ትሪ፦ ትል 2፣ አልቅት 2፣ የትንኝና የዝንብ እጭ፣ ቀዩን ትል ጨምሮ፣ 2፣ ቀንድ አውጣ 4። ድምሩ 10፣ ለአራት 2.5። አንድ ወንዝ ነው። መሃላቸው ያለው እኛ ነን፣ ከተማው።

አልቅት ስል ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ አየሁ። አያቶቻችን ውሃ በነጠላ አጥልለው የሚጠጡት አልቅት ፈርተው ነበር። በዚህ ነጥብ አሰጣጥ ግን አልቅት መኖሩ ብቻውን መርዶ አይደለም። ንጹሕ ወንዝ ውስጥም ይኖራል። የሚያሳስበው አልቅቱ ቀርቶ ሌሎቹ ሲጠፉ ነው። ቀዩ ትልም እንዲሁ ነው፤ እላይ ብትፈልጉት አይጠፋም። አንድ እንስሳ አይታችሁ አትፍረዱ። ጎረቤቶቹን ቁጠሩ።

አሁን የምናገረው ነገር ይበልጥ ያገባናል። የደቡብ አፍሪካን ወይም የአውሮፓን ነጥብ እንዳለ አምጥተን እንጦጦ ላይ ብናውለው ልንሳሳት እንችላለን። ስቶንፍላይን ውሰዱ። በአውሮፓ ተራሮች ዓይነቷ የበዛ ነው፤ አሠራራቸውም በእሷ ላይ በጣም ይደገፋል። በሞቃታማው አፍሪካ ግን ዓይነቷ ጥቂት ነው። እሷን ስላላገኘን ብቻ ወንዙ ታሟል ብንል፣ ጤነኛውን ሰው ቁመቱ አጭር ነው ብሎ ሆስፒታል እንደማስተኛት ነው።

ስለዚህ የራሳችን መለኪያ ያስፈልገን ነበር። መነሻው ቀደም ብሎ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ አንበጣ በመከላከል የሠራው ሃይንስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በኋላ በወንዝ ሥነ ሕይወት ስመ ጥር ሆነ። እ.አ.አ. በ1988 ሃሪሰን ከሚባል ተመራማሪ ጋር ሆኖ በኢትዮጵያ ተራራማ ወንዞች ወለል ላይ ስለሚኖሩት እንስሳት አንድ ጥናት አሳተመ። እ.አ.አ. በ2015 ደግሞ አስቻለው ላቀውና ኦቶ ሞግ "ኢትባዮስ" የሚባለውን ነጥብ አሰጣጥ አወጡ። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች፣ እዚሁ ከሚኖሩት እንስሳት ተነስቶ የተሠራ ነው። ሰው ስለ ኢትዮጵያ ቡና ደረጃ አሰጣጥ ሰምቷል። ስለ ወንዞቿ ደረጃ አሰጣጥ የሰማ ግን ከዚህ አዳራሽ ውጭ ስንት እንደሆነ እንጃ። ይቆጨኛል።

አቃቂ ላይ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እኔን ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። እነ አበበ በየነ እ.አ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ቀበናንና አቃቂን በሁለት ዓይነት ፍጥረት መረመሩ፤ በአከርካሪ አልባ እንስሳትና በዳያቶም። ዳያቶም ማለት ድንጋይ ስትነኩ የሚያሙለጨልጫችሁ ቡናማ ልባስ ውስጥ የሚኖር፣ ከብርጭቆ በተሠራ ቅርፊት ውስጥ የሚቀመጥ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። ብክለቱ በጣም በከፋበት ቦታ አከርካሪ አልባዎቹ ከናካቴው ጠፍተው ነበር። ሲጠፉ ደግሞ መለኪያው ዝም ይላል፤ በመጥፎና በእጅግ መጥፎ መሃል ያለውን ልዩነት የሚናገር አይኖርም። ዳያቶሞቹ ግን እዚያም ነበሩ፤ ዓይነታቸው እየተለወጠ ልዩነቱን አሳዩ።

እኔ ሁልጊዜ "ነፍሳቱን ጠይቁ" ስል ነበር የምዞረው። ለካ የሚጠየቅ የማይቀርበት ወንዝም አለ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ወንዝ ድንጋዩን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ ልባሱን በአሲድ አጽድቶ፣ ማይክሮስኮፕ ስር ማየት ግድ ነው። ይህ ለትምህርት ቤት ክበብ አይሆንም። ለዩኒቨርሲቲ ተዉት።

ነፍሳቱ የማይነግሯችሁ ሌላም ነገር አለ። ውሃው እንደታመመ ይነግሯችኋል፤ በማን እንደታመመ አይነግሯችሁም። ፍንጭ ግን ይሰጣሉ። ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች ባሉበት ጭቃ ውስጥ ያደገ የቀዩ ትል ዘመድ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥርሱ የተጣመመ ወይም የጎደለ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ወደ ላይ ተጉዛችሁ ቆዳ ፋብሪካ አለ ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የኬሚስቱ ሥራ ነው። ጠርሙሱን የጣልኩ የመሰላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ አሁን የትና መቼ እንደምቀዳ አውቃለሁ።

ክረምት ላይ ይህን ሥራ አትሞክሩት። ጎርፍ ወለሉን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ንጹሑም ወንዝ ባዶ ይመስላል። ዝናቡ ቆሞ ውሃው ሲረጋ፣ ከጥቅምት በኋላ ይሻላል። አሸዋማውን ወንዝ ከድንጋያማው ጋር አታወዳድሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ደህና ቦታ ፈልጉ፤ ከመንደር በላይ፣ ሰው ብዙም ያልነካው። የሌላውን ሁሉ ደረጃ ከእሱ ጋር አስተያዩት።

አንድ መምህር ቅድም በር ላይ "የወንዝ ዳርቻው እኮ አሁን አምሯል፣ ተሻሽሏል" ብለውኝ ነበር። እውነት ነው፣ ዳርቻ ማማሩ ደስ ይላል፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እቀመጣለሁ። ግን የእግረኛ መንገዱን ሳይሆን ድንጋዩን ነው የምገለብጠው። ሣርና አበባ ዳር ላይ ይተከላል። ሜይፍላይ ግን አትተከልም። ውሃው ከተመለሰ ራሷ ከላይ ወርዳ ትሰፍራለች፤ ወይም ክንፍ አውጥታ በርራ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች። ክንፍ ካወጣች በኋላ ዕድሜዋ ሰዓታት፣ ቢበዛ ጥቂት ቀናት ነው። አፏም ስለማይሠራ አትበላም። በዚያች አጭር ጊዜ ቀበና ድልድይ አጠገብ ሰፍራ ካገኘኋት፣ ትሪ ሙሉ ቡና እጋብዛችኋለሁ። አዲስ ትሪ ገዝቼ።

ጥያቄዎቻችሁን በኋላ እቀበላለሁ። አሁን ግን ወደ አንደኛው ትሪ ፈጠን ብላችሁ ኑ። ቅድም ቀስ ብለው የሚርገበገቡትን መተንፈሻዎች አስታወሳችሁ? አሁን እዩአቸው፤ ሲጣደፉ። ማንም ምንም አልጨመረባቸውም። ውሃው ቆሟል፣ አዳራሹ ሞቋል፣ እኔ ብዙ አወራሁ፣ ኦክስጅኑ እያለቀ ነው። መኪናው ውጭ ቆሟል። ሁላችሁም አይታችሁ ስትጨርሱ ወደ ወንዛቸው እመልሳቸዋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ የሚቆዩልን አይመስለኝም።